የዘነበወርቅ ጥልፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ የሚሄድ ሰው ዘነበወርቅ ሲደርስ የአለርትን አጥር በመስኮት ያያል። ሆስፒታሉን የማያውቅ የለም። ከግቢው ጋር ስሙ የተያያዘውን የጥልፍ ሥራ ግን ከእኛ ይልቅ የውጭ አገር ጎብኚ ያውቀዋል። የጉዞ መጻሕፍት የሚጠቅሱት ብርሃን ታየ የተባለው የሥራ ቡድን የሥጋ ደዌ ጉዳት ያደረሰባቸው ሰዎች ጠልፈው የሚያድሩበት ነው። የትራስ ልብስ፣ ቦርሳና የግድግዳ ጌጥ ይሠራሉ። አለርት ራሱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ስፍራው ከዚያም በፊት በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበረበት።

እኔን የሚይዘኝ የጠላፊዎቹ የጣት ነገር ነው። ብዙ ሰው ሥጋ ደዌ ጣት የሚበላ ይመስለዋል። አይበላም! ባክቴሪያው የሚጎዳው ነርቭን ነው፤ ነርቭ ሲሞት ሕመም አብሮ ይጠፋል። የጋለ ጀበና ያነሣ እጅ መቃጠሉን አያውቅም፤ የተወጋ ጣት መድማቱን አይናገርም። ቁስሉ ሳይታወቅ ያመረቅዛል፣ እስከ አጥንት ይዘልቃል፣ ጣትም እያጠረ ይሄዳል። ይህን አጥብቆ ያስረዳው ሕንድ፣ ቬሎር ውስጥ የሠራው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ከጤነኛ ጡንቻ ጅማት እያዛወሩ ሽባ በሆነው ጣት ላይ በመስፋት፣ እንደ አሞራ ጥፍር የታጠፈውን እጅ መልሰው ይዘረጉት ነበር። አለርትም የዚህ ዓይነቱ ሕክምና ማሠልጠኛ ሆኖ ኖሯል።

እንግዲህ መርፌን አስቡ። መርፌ ለመያዝ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ጫፍ ለጫፍ መገናኘት አለባቸው። ተገናኝተውም ስሜት ከሌላቸው መርፌው መያዙን የሚያረጋግጠው ዓይን ብቻ ነው። ክሩ መጥበቁ የሚታወቀው ጨርቁ ሲሸበሸብ ታይቶ ነው። ሥራው ሲያበቃ ደግሞ እጅን አገላብጦ ቁስል መፈለግ ያስፈልጋል። የማያምን ካለ ወፍራም ጓንት አጥልቆ አንዲት ቅጠል ይጥለፍ።

ታዲያ አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለ ጥልፍ ገዝቶ ሲያበቃ ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን ትቶ ሊወጣ ሲል ደርሼበታለሁ። ለነፍሱ መሆኑ ነው። ጠላፊዋ ፊቷን አዞረች፤ እኔም እዚያው ተቆጣሁት። ያልተወሰደ ሥራ እኮ ያልተወደደ ሥራ ነው። ለነፍሱ የሚሰጥ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሞልቶለታል። በሌላ በኩል ጨርቁን በሁለት ጣት ብቻ አንሥቶ የሚያይ አለ። በጨርቅ እንዳይጋባ ፈርቶ ከሆነ ከንቱ ስጋት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የመከረው የተቀናጀ መድኃኒት በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ያድናል፣ መድኃኒቱን የጀመረ ሰውም ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ማስተላለፍ ያቆማል። በዘርም አይወረስም።

እንዲህ ያለውን የሥራ ቡድን የሚያኖረው የበዓል ሰሞን ሸማች ሳይሆን ቋሚ ትእዛዝ ነው። ቡራዩና ሱሉልታ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ የምታስተዳድሩ፣ የትራስ ልብስ ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት ዘነበወርቅ ጎራ በሉ። ጥልፉን ገልብጣችሁ የጀርባውን ስፌት እዩ፤ ካልወደዳችሁት አትግዙ። ከወደዳችሁት ግን ቀብድ ስጡ፣ ልኩንና ቀለሙን ቀድማችሁ ተናገሩ፣ በእጅ የሚሠራ ነውና ለነገ አድርሱልን አትበሉ።