ጸጥተኛው የጢስ መምጠጫ፤ ዋጋውና መዋጮው

የኤሌክትሪክ ዕቃ በገዛ እጁ መሥራትና መጠገን የሚወድ ተማሪ በየመኝታ ክፍሉ መኖሩ የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን ከካውያው ጫፍ የሚነሣውን ነጭ ጢስ አጎንብሶ ሲስብ የሚያመሽ ሰው ምን እንደሚስብ ማወቅ ይገባዋል። ይህን ጢስ የሚመጥ ጸጥተኛ መሣሪያ ሠርቶ፣ ገንዘቡንም ከሕዝብ በመዋጮ ለመሰብሰብ የሚያስብ ሰው ደግሞ የዋጋውን ሒሳብ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ካውያ ከመጨበጥ ይልቅ ብዕር መጨበጥ ቢቀናንም፣ ጉዳዩ የጤናና የታማኝነት ጉዳይ ነውና ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ፣ ጢሱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የእርሳስ ጢስ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከመቶ 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ያለበት ስታኞ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ካውያው የሚሠራው በ350 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ እርሳስ የሚፈላው ግን በ1749 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በካውያ ሙቀት ወደ አየር የሚወጣው እርሳስ እጅግ ጥቂት ነው። እርሳሱ የሚጎዳው ይልቁንም ከጣት ወደ አፍ ሲገባ ነውና ከሥራ በኋላ እጅን መታጠብ ግድ ነው። ጢሱ የሚነሣው ስታኞው እንዲይዝ ከሚረዳው ፍላክስ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከጥድ ሙጫ የሚሠራ ነው። የዚህ ሙጫ ጢስ ዘወትር የሚስበውን ሰው አስም ሊያሲዝ እንደሚችል በሕክምና የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ በሽታው የያዘው ሰው ከዚያ ወዲያ ጥቂት ጢስ እንኳ ሊቀሰቅስበት ይችላል። እርሳስ የሌለበት ስታኞም ከዚህ አያድንም፤ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ግድም ስለ ሆነ ካውያው ይበልጥ መጋል አለበት፣ ፍላክሱም እንዳለ ነው።

ሁለተኛ፣ ጢስን መምጠጥ ለምን ያስቸግራል? ሻማን ከክንድ ርቀት እፍ ብሎ ማጥፋት ይቻላል፤ አየር በመሳብ ግን ማጥፋት አይቻልም። የሚነፋ አየር ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ የሚመጠጥ አየር ከየአቅጣጫው ይሰበሰባልና ከመምጠጫው አፍ በራቀ ቍጥር ቶሎ ይደክማል። የመምጠጫው አፍ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ከአፉ 10 ሳንቲሜትር ርቆ የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አሥረኛው ይወርዳል። ስለዚህ መሣሪያው ከጢሱ አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ ከጢሱ አጠገብ ማለት ደግሞ ከሠራተኛው ጆሮ አጠገብ ማለት ነው።

የጩኸቱም ነገር የራሱ ሕግ አለው። የማራገቢያው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚነዳው አየር እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ድምፁ ግን 15 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። 10 ዴሲቤል ሲጨመር ጆሯችን ጩኸቱ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማዋልና ይህ ቀላል ጭማሪ አይደለም። ከዚህም የተነሣ ትንሹን ማራገቢያ በኃይል ከማሽከርከር ትልቁን ቀስ አድርጎ ማሽከርከር ይሻላል። ይሁን እንጂ ማጣሪያው አየሩን ስለሚያንቀው፣ የማጣሪያውንም ገጽ ማስፋት ያስፈልጋል። ስስ የከሰል ስፖንጅ ብቻ ያለበት ርካሽ መሣሪያ ሽታውን ቢቀንስም ደቃቁን የጢስ ብናኝ ያሳልፋል። ከ0.3 ማይክሮን ብናኝ 99.97 በመቶውን የሚይዘው ሄፓ የተባለው ማጣሪያ ከወፍራም ከሰል ጋር ሲጣመር ነው ሥራው የተሟላ የሚሆነው። ትልቅ ማራገቢያና ሰፊ ማጣሪያ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃሉ።

ጸጥታ የቅንጦት ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር መልሳችን ይህ ነው፤ የሚጮኽ መሣሪያ ባለቤቱ ራሱ ያጠፋዋል፣ የጠፋ መሣሪያም ማንንም አያድንም።

ሦስተኛ፣ ዋጋው እንዴት ይወሰናል? ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን ሒሳብ እናስብ። የአንዱ መሣሪያ ማራገቢያ፣ ማጣሪያ፣ አካል፣ የኤሌክትሪክ ክፍልና ካርቶን በድምሩ 40 ዶላር ይፍጅ። መገጣጠሚያና መፈተሻው 12፣ ለተበላሸና ለተመለሰ ዕቃ መጠባበቂያ 3፣ የመላኪያው 15 ዶላር ቢሆን፣ ጠቅላላው 70 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ሌላ አንድም ዕቃ ሳይሸጥ የሚወጣ ወጪ አለ፤ የፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫ 8,000፣ የኤሌክትሪክ ደኅንነት ምርመራ 6,000፣ በድምሩ 14,000 ዶላር እንበል። ገንዘቡን የሚሰበስበው ድርጅትና የክፍያው አስተላላፊ ከመቶ 8 ያህል ይወስዳሉ።

እንግዲህ መሣሪያው በ110 ዶላር ቢሸጥ፣ ከመቶ 8ቱ ሲነሣ 101 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይቀራል፤ 70ው ሲቀነስ ደግሞ 31 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይተርፋል። ይህ ትርፍ 14,000ውን የሚሸፍነው 449 ሰዎች ሲገዙ ነው። ስለዚህ ለሕዝብ የሚነገረው ግብ ከ49,390 ዶላር ማነስ የለበትም። በዚህም ሒሳብ የሠሪው የራሱ ደመወዝ ገና አልገባም።

ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ግቡ ትንሽ ሲሆን ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ የሞላም ነገር ሌላ ሰው ይስባል ብለው 10,000 ዶላር ብቻ ይጠይቃሉ። ነገር ግን 91 ሰዎች ገዝተው ግቡ ቢሞላ የሚተርፈው 2,839 ዶላር ብቻ ነው፤ 11,161 ዶላር ይጎድላል። በአደባባይ ተሳካለት የተባለው ሰው ዕዳ ውስጥ ገብቶአል ማለት ነው። ግቡ ሳይሞላ ቢቀር ግን ማንም ባልተጎዳ ነበር።

አራተኛ፣ መዋጮው ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የሚለውን አባቶቻችን ያውቁታል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1885 ጆሴፍ ፑሊትዘር በጋዜጣው አማካይነት ለነጻነት ሐውልት መቆሚያ ከ100,000 ዶላር በላይ ሲሰበስብ፣ ከ120,000 ከሚበልጡት ሰጪዎች አብዛኞቹ ያዋጡት ከአንድ ዶላር በታች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው ኪክስታርተር ይህንኑ በኢንተርኔት አደረገው፤ ግቡ ካልሞላ ከማንም ገንዘብ አይወሰድም። በ2012 ደግሞ ድርጅቱ እኛ መደብር አይደለንም ብሎ አስታወቀ፤ ዕቃ የሚሠሩ ሰዎችም የሚሠራ ናሙና እንጂ ያማረ ሥዕል እንዳያሳዩ ደነገገ።

ሆኖም ደንብ ብቻውን ሒሳብን አያቃናም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩለስት ኩለር የተባለው የመጠጥ ማቀዝቀዣ 50,000 ዶላር ጠይቆ ከ62,000 ከሚበልጡ ሰዎች ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ማምረቻው ግን ከታሰበው በላይ ገንዘብ ስለ ፈጀ፣ በ2016 ዕቃው ቶሎ እንዲደርሳቸው የሚፈልጉ ሰዎች 97 ዶላር እንዲጨምሩ ተጠየቁ። በ2019 ኩባንያው ሲዘጋ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች የከፈሉበትን ዕቃ አላገኙም ነበር። እያንዳንዱ ዕቃ በኪሳራ የሚሸጥ ከሆነ፣ የገዢ መብዛት ኪሳራውን ያበዛዋል እንጂ አይሽረውም።

ይህ ነገር እኛን በምን ይመለከተናል? ኪክስታርተር ገንዘብ ጠያቂዎችን ከሚቀበልባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ እዚህ አገር ጸጥተኛ የጢስ መምጠጫ ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ ወደ ጓደኞቹና ወደ ጠጋኞቹ ሱቅ መሄድ አለበት። ለዚህም ዕቁብ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰውም ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። የኢንተርኔቱ መዋጮ የጎደለው ይህ ዋስ ነው።

ስለዚህ መዋጮ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የሚሠራ ናሙና ያሳይ፤ የድምፁን ልክ ከስንት ርቀት እንደ ለካው ይናገር፤ ማጣሪያውን ከየትም ሊገዛ በሚችል መጠን ይሥራ፣ አለዚያ እርሱ ሥራውን ሲተው መሣሪያው ባዶ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ከሁሉም በላይ የዋጋውን ሒሳብ ከላይ እንዳደረግነው ለገዢው ይግለጥለት። መዋጮ የሚሰጥም ሰው ይህን ሒሳብ ሳያይ ኪሱን አይፍታ። ሌላ ዋስ በሌለበት ቦታ ዋሱ ሒሳቡ ነው።