ሳይፈልጉት የተገኘ የቤት ብልኃት

የሰው ልጅ ለኑሮው የሚበጀውን ሁሉ አስቦና አቅዶ ያገኘው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በየቤታችን ከምንገለገልባቸው ዘዴዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት በመርሳት፣ በመድፋት ወይም በማሳደር የተገኙ ናቸው። ችግር ብልኃትን ይወልዳል እንደሚባለው ሁሉ፣ ድንገተኛ አጋጣሚም አስተውሎ ለሚመለከተው ሰው ትምህርት ቤት መሆኑ በልዩ ልዩ አገሮች ታይቷል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ጉዳይ ከጅቡቲ ከተማ ኑሮ ጋር በማያያዝ እንመለከታለን። ዓላማችን ለማዝናናት ብቻ አይደለም። ድንገት የተገኘ ዘዴ ቤትን እንደሚጠቅም ሁሉ፣ ሳይመረመር የተያዘ እንደሆነ ሕይወትን እስከማጥፋት ይደርሳልና፣ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

ጅቡቲን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማይቱ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በባሕር ጠረፍ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከእርስዋ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከደጋው አገር የወረደ ሰው በወደቡ፣ በባቡር ጣቢያውና በገበያው ሲሠራ ኖሯል። ይህ ሰው ምጣዱን፣ ጀበናውንና እርሾውን ይዞ ቢወርድም፣ የጠበቀው አየር ግን የደጋው አየር አልነበረም። በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ያልፋል። ከባሕር የሚነሣው ጨዋማ እርጥበት ብረት ያዝጋል፣ ጨው ያረጥባል፣ በሣጥን የተቀመጠ ልብስ ያሻግታል። ስለሆነም በደጋ የተለመደው አሠራር በጠረፉ አልሆን ሲል፣ የቤት እመቤቷ ዓይን አዲስ ነገር ለማየት ተገድዷል።

ከሊጡ እንጀምር። በቀዝቃዛው አገር የጤፍ ሊጥ ለመቡካት ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋል። ይኸው ሊጥ በጅቡቲ ሙቀት በተለመደው ቀን ልክ የተተወ እንደሆነ ከመጠን በላይ ይኮመጥጣል። ምክንያቱም ሊጡን የሚያቦኩት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን በሙቀት ጊዜ ፈጥነው የሚራቡ በመሆናቸው ነው። እርሾ ማለትም ከቦካ ሊጥ ላይ የሚጠልለው ቢጫማ ውሃ ሲሆን፣ ለሚቀጥለው ቡኮ የሚቀመጠው እነዚህኑ ሕያዋን ስለሚይዝ ነው። ቡሃቃውን አጥርቶ አለማጠብ ሊጥን እንደሚያፈጥን እናቶቻችን ያወቁት ማይክሮስኮፕ ተመልክተው ሳይሆን፣ በዕቃው ላይ የቀረችው ትንሽ ሊጥ የሠራችውን ሥራ አይተው ነው። በሞቃት አገር የሚኖር ሰው ይህንኑ ዕውቀት ገልብጦ ይጠቀምበታል፤ እርሾውን ይቀንሳል፣ ዕቃውን ከፀሐይ ያርቃል፣ ጋገራውን ያስቀድማል። ሊጡ ኮምጥጦ የተገኘ እንደሆነም በላዩ የጠለለውን ውሃ ደፍቶ በንጹሕ ውሃ መተካት ኮምጣጣነቱን ያበርድለታል።

እንጀራው ተርፎ ሲደርቅስ? ለዚህ ድርቆሽን ያህል ምስክር የለም። ደርቆ የተሰባበረ እንጀራ ሳይሻግት ብዙ ጊዜ መቆየቱን፣ ወጥ ወይም ውሃ ሲነካውም ተመልሶ ምግብ መሆኑን ያየ ሰው የዘማችንና የመንገደኛን ስንቅ አገኘ። የዘመኑ የምግብ ዕውቀት የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ሻጋታ ያለ እርጥበት አይኖርም። ይሁን እንጂ በጅቡቲ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ቀዝቀዝ ባሉ ወራት አየሩ ብዙ እርጥበት ስለሚሸከም፣ ድርቆሹ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ካልተቀመጠ ተመልሶ ይለሰልሳል፤ ሻጋታም ያበቅላል። አንድ ጊዜ ከሻገተ በኋላ ሻጋታውን ቆርሶ ቀሪውን መብላት አይገባም፤ በዓይን የሚታየው የሻጋታው ከፊል ብቻ ነውና።

ከዚህ ቀጥሎ የውሃ ማቀዝቀዣውን ነገር እናንሣ። ወታደር የሆነ አንባቢያችን ይህንን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ጨርቅ የለበሰ ኮዳ ዝናብ ወይም ወንዝ ሲያርሰው፣ በውስጡ ያለው ውሃ ከደረቀው ጓደኛው ኮዳ ይልቅ ቀዝቅዞ ይገኛል። በረሃ የሚያቋርጡ የከባድ መኪና ሾፌሮችም በሸራ ከረጢት ውሃ ሞልተው ከመኪናው ፊት ያንጠለጥሉ ነበር። የሚያዥ እንስራ በጥላ ሥር ሲቀመጥ የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው። ምሥጢሩ ውሃ ሲተን ሙቀትን ይዞ የሚሄድ መሆኑ ላይ ነው። በስሌት ሲታይ፣ አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ከ50 ሊትር በላይ ውሃን በ10 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ይበቃል። በአሠራር ግን ከዙሪያው አየር የሚገባው ሙቀት ስላለ ውጤቱ ከዚህ ያንሳል።

መሐመድ ባህ አባ የተባለው ናይጄሪያዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1995 አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ በመሙላት የአትክልት ማቆያ ሠራ። በሦስት ቀን ይበላሽ የነበረው ደበርጃን በዚህ ዕቃ 27 ቀን ቆየ። ሰውዬው ለዚህ ሥራው በ2000 የሮሌክስን ሽልማት ተቀብሏል። ዘዴው ግን የቦታና የወቅት ባሪያ ነው። በጅቡቲ በበጋው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ሲነፍስ እርጥብ ጆንያ የተጠቀለለበት ዕቃ በደንብ ይቀዘቅዛል። አየሩ በእርጥበት በጠገበበት ወራት ግን ውሃው ስለማይተን ጆንያው ከመሽተት በቀር የሚፈይደው ነገር አይኖርም። ስለዚህ «እገሌ ቤት ሠርቷል፣ እኔ ቤት ለምን እምቢ አለ» ከማለት በፊት አየሩን መመልከት ይበጃል።

የልብስ ማጠብን ነገር ስናነሣ ከሁሉ በላይ የሚያኮራን የእንዶድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደው ነበር። በዚያም ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ ለብዙ ዘመን የታወቀ ነው። በበሽታ ላይም ሊዘምት የሚችል መሆኑ የተገለጠው ግን አንድ ሰው የተመለከተውን እንደ ዋዛ ሳያልፍ ቆሞ «ለምን?» ብሎ በመጠየቁ ነው። ከዓመታት ምርምር በኋላ ዶክተር አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። አጋጣሚው ለሁሉም እኩል ቀርቦ ነበር፤ ልብስ አጣቢውም መንገደኛውም በዚያ ወንዝ አልፏል። ልዩነቱን የፈጠረው የሚጠይቅ ዓይን ነው።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በፓሪስ ከተማ ዦሊ በተባለ የጨርቅ ማቅለሚያ ባለቤት ቤት የኩራዝ ጋዝ በገበታ ልብስ ላይ ተደፍቶ፣ የነካው ቦታ ከሌላው ይልቅ ነጽቶ እንደተገኘ ይተረካል። ያለ ውሃ ልብስ የማጠብ ሥራ በዚህ ተጀመረ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ፓትሲ ሸርማን የተባሉት አሜሪካዊት ኬሚስት በሚሠሩበት በስሪ-ኤም ኩባንያ ላቦራቶሪ፣ አንድ ፈሳሽ በረዳቲቱ የሸራ ጫማ ላይ ተንጠባጠበ። በሳሙናም በአልኮልም አልለቅ ያለው ያ ቦታ ውሃንም ቅባትንም የማያስገባ ሆኖ በመገኘቱ፣ ለወንበር ልብስና ለምንጣፍ መከላከያ የሚሆን ቅመም ተሠራበት። ነገር ግን የታሪኩ ፍጻሜ ትምህርት አለው። የቅመሙ ዋና ንጥረ ነገር በአፈርና በውሃ፣ በሰውም ደም ሳይፈርስ የሚቆይ ሆኖ በመገኘቱ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2000 ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። በአንድ ቀን የተገኘ ዘዴ ጉዳቱ የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ጅቡቲ ጓዳ እንመለስ። ከተማይቱ ለጨው ባዕድ አይደለችም። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ በዚያው አገር ነው፤ አፋሮችም ከዚያ የቆረጡትን ጨው በግመል ጭነው ወደ ደጋው ያወጡ ነበር። በወጥ ቤት ግን ጨው በእርጥበት ይረጋና ከብልቃጡ አልወጣ ይላል። አየሩ ከመቶ 75 እጅ በላይ እርጥበት በያዘ ጊዜ ጨው ውሃውን ከአየሩ ይስባል። ጥቂት የሩዝ ፍሬ በምጣድ አሞቆ፣ አቀዝቅዞ ከጨው ጋር መጨመር ይረዳል፤ ሩዙ እርጥበቱን ይጠጣል፣ ብልቃጡ ሲነቀነቅም የተያያዘውን ይፈታል።

የጉድጓድ ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት በቢላዋ መፋቅ ዕቃውን ከመጉዳት በቀር አይጠቅምም። የሎሚ ጭማቂ በውሃ ጨምሮ ማፍላት፣ ጥቂት ማቆየትና ማለቅለቅ ይበቃል፤ የሎሚው አሲድ የኖራውን ቅርፊት ያሟሟል። ነገር ግን ሎሚም ሆነ ማፍላት የውሃውን ጨዋማነት አያስወግዱም። እንዲያውም ውሃው በፈላ ቁጥር ስለሚቀንስ የቀረው ይበልጥ ይጨማል። የዛገ ሽቦ ወይም ምስማር በሸሚዝ ላይ የተወውን ቡናማ ምልክትም እንዲሁ ሎሚና ጨው ቀብቶ በፀሐይ ካሰጡት በኋላ ማጠብ ያደበዝዘዋል። በረኪና ግን ዝገትን ያጸናል እንጂ አያስለቅቅም።

በረኪናን ካነሣን ዘንድ ከሁሉ ዋናውን ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። «ሎሚው ብቻውን ይህንን ያህል ከሠራ፣ በረኪና ቢጨመርበት እንዴት ይሆን?» የሚል ሐሳብ ለማንም ሊመጣ ይችላል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። በረኪና ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ይህም ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1915 በኢፕር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ራሱ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅም ሳንባን የሚጎዳ ሌላ ጋዝ ይወጣል። በጠባብና በተዘጋ መታጠቢያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ዕቃውን ለማንሣት ሳይዘገይ ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና ሐኪም ማየት ይኖርበታል።

ሁለተኛው አደጋ ከሰል ነው። በሙቀቱ የተነሣ መስኮት ዘግቶ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ፣ በዚያው ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላትና ዕጣን ማጨስ የተለመደ ነው። ማቀዝቀዣው የክፍሉን አየር መልሶ ያዞረዋል እንጂ አየር አይለውጥም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የዕጣኑ መዓዛም ክፍሉ ደኅና ያስመስላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም የተሰማው ሰው «ሙቀት ነው» ብሎ ከመተኛት ይልቅ በር ከፍቶ መውጣት አለበት። ሦስተኛው ደግሞ ላምባን በውሃ ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው። የተጠማ ሕፃን ጠርሙሱን እንጂ የያዘውን አያይም። ላምባ የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ ማድረግ ፈሳሹን ወደ ሳንባ ስለሚከተው፣ ሳያስመልሱ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሁሉ የምናገኘው መመሪያ ሦስት ጥያቄዎችን የያዘ ነው። አንደኛ፣ ዘዴው የሠራው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የታወቀ ዘዴ ወቅትና ቦታ ሲለወጥ አያደናግርም። ሁለተኛ፣ ደግሞ ቢሞከር ይሠራል? አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ጊዜ የሆነ ግን ዕውቀት ወደ መሆን ይቃረባል። ሦስተኛ፣ ባይሠራ የሚጠፋው ምንድን ነው? የሚጠፋው አንድ ጭብጥ ጨው ወይም አንድ ሎሚ ከሆነ መሞከር አይጎዳም። የሚጠፋው የሰው ትንፋሽ ከሆነ ግን በቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል። ብልኃትም እንዲሁ ነው። ያው ሎሚ በአንዱ እጅ ማንቆርቆሪያ ያጸዳል፣ በሌላው እጅ ከበረኪና ጋር ገብቶ ቤተሰብ ይጎዳል። ስለሆነም አንባቢያችን በቤቱ ድንገት ያገኘው ጠቃሚ ዘዴ ቢኖር በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መርምሮ ለጎረቤቱ ያካፍል፤ አደገኛ ሆኖ ያገኘውንም ከጠቃሚው አስቀድሞ ይንገር።