ለክላሲክ መስል ካር ሞተር የሚስማማ ሄደር አመራረጥ

ሄደር ከሞተሩ ቴስታታ ጎን ተገጥሞ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ጭስ በየራሱ ቱቦ ካስወጣ በኋላ ቱቦዎቹን ወደ አንድ ሰፊ አፍ የሚሰበስብ የጭስ መውጫ ክፍል ነው። የሚተካውም ከፋብሪካ የሚመጣውን ማኒፎልድ ነው። ማኒፎልድ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት ስለሚሠራ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ዕድሜው ረጅም፣ ድምፁም ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን የአራት ሲሊንደር ጭስ በአጭርና ጠባብ ክፍል ውስጥ ያጋፋል። እንደ 1964 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ ፖንቲያክ ጂቲኦ ያሉት፣ መስል ካር የሚባሉ የአሜሪካ መኪኖች ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነው። በመሆኑም የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ቀድመው ከሚቀይሯቸው ዕቃዎች አንዱ ይኸው ማኒፎልድ ነው።

የሄደርን ጥቅም ለመረዳት በ1967 ሞዴሉ ካማሮ የጀመረው የሸቭሮሌት 350 ኪዩቢክ ኢንች (5.7 ሊትር) ሞተር ጥሩ ምሳሌ ነው። ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱት 1-8-4-3-6-5-7-2 በሚል ቅደም ተከተል ነው። 5 እና 7 በአንድ ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ስለሆኑና በተከታታይ ስለሚተኩሱ፣ አንዱ ጭሱን አስወጥቶ ሳይጨርስ ሌላው በከፍተኛ ግፊት ይለቅበታል። በሄደር ውስጥ ግን እስከ መገናኛው አፍ ድረስ አይገናኙም። ከዚህም በላይ የጭሱ የግፊት ሞገድ ሰፊው አፍ ላይ ሲደርስ የመሳብ ኃይል ያለው ሞገድ ወደ ቫልቩ ይመለሳል። ይህ ሞገድ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ አብረው ክፍት በሆኑበት ቅጽበት ከደረሰ፣ የቀረውን ጭስ ጠርጎ አዲሱን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይስባል።

የመጀመሪያው ውሳኔ የቱቦው ስፋት ነው። ሰፊ ቱቦ ሁልጊዜ ጉልበት ይጨምራል የሚለው ግምት የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ቱቦው ከሞተሩ አቅም በላይ ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሞተሩም አብዛኛው የመንገድ ጉዞ በሚካሄድበት ዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበት ያጣል። ከመጠን በላይ ሲጠብ ደግሞ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይታፈናል። መለስተኛ ማሻሻያ ለተደረገለት 350 ሞተር በተለምዶ 1⅝ ኢንች (41 ሚሊ ሜትር ገደማ) ስፋት ያለው ቱቦ ይበቃል። ከ400 የፈረስ ጉልበት በላይ ለሚያወጣና ለከፍተኛ ዙር ለተሠራ ሞተር 1¾ ኢንች ይመረጣል። እንደ ሸቭሮሌት 454 ላሉ ግዙፍ ሞተሮች 1¾ ወይም 1⅞ ኢንች ለመንገድ፣ 2 ኢንችና ከዚያ በላይ ደግሞ ለውድድር ይውላል።

ቀጥሎ የሚታየው ርዝመቱ ነው። ቱቦው ሲረዝም የመሳብ ሞገዱ ዘግይቶ ስለሚመለስ ሄደሩ ይበልጥ የሚጠቅመው በዝቅተኛና መካከለኛ ዙር ነው፤ ሲያጥር ጥቅሙ ወደ ከፍተኛ ዙር ይሸሻል። ረጅሙ ዓይነት፣ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው፣ የተሻለ ጉልበት ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ወደ መሬት ቀርቦ ስለሚወርድ ከመንገድ ጉብታ ጋር ይጋጫል። አጭሩ ለመግጠም ይቀላል፤ ትርፉ ግን ያነሰ ነው። ሦስተኛው ዓይነት አራቱን ቱቦ መጀመሪያ ወደ ሁለት፣ ሁለቱን ወደ አንድ የሚያመጣው ትራይ-ዋይ ነው። በ1965 ሞዴሉ ሼልቢ ጂቲ350 ላይ የተገጠመው ይኸው ሲሆን መካከለኛ ዙር ላይ ባለው ጉልበት ይታወቃል።

መጠኑ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ሄደሩ በእርግጥ የሚገጥም መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የጭስ ማስወጫ ቀዳዳው ቅርጽ ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ ፖንቲያክ ብቻ እንኳ ዲ ቅርጽ ያለውንም ክብ የሆነውንም ሠርቷል። ቴስታታው ከተቀየረ የቀዳዳው ከፍታና የካንዴላው አቅጣጫ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ቱቦው ካንዴላ መፍቻ የሚያስገባ ቦታ መተው አለበት። የመሪው ሳጥን፣ የፍሪሲዮኑ ማገናኛ ዘንግ፣ ሞተሪኖውና የዘይት ፊልትሮው መንገድ ላይ ይቆማሉ። የ1960ዎቹ ፎርድ ሙስታንግ የሞተር ክፍሉ ግራና ቀኝ በሾክ መያዣ ማማዎች የተጨበጠ ስለሆነ በተለይ ይጠባል። ስለዚህ ሲታዘዝ የመኪናው ዓመትና ሞዴል፣ የቴስታታው ዓይነት እንዲሁም ካምቢዮው ማንዋል ወይም አውቶማቲክ መሆኑ አብሮ ይገለጻል።

ተራ ቀለም የተቀባ ሄደር ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም ቀለሙ በሙቀት ይለቅና ብረቱ ይዝጋል። ሴራሚክ ቅብ ዝገትን ይከላከላል፤ በኮፈኑ ሥር የሚከማቸውንም ሙቀት ይቀንሳል። አይዝጌ ብረት ዕድሜው ረጅም፣ ዋጋውም ከፍተኛ ነው። 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቱቦ ከ1.2 ሚሊ ሜትሩ ይበልጥ ይበረክታል፤ ከቴስታታው ጋር የሚጋጠመው ሳህንም ወፍራም ሲሆን በሙቀት ስለማይጣመም ጓርኒሲዮኑ ቶሎ አይነፍስም።

ሄደር ብቻውን ሥራውን አይጨርስም። ከኋላው ያለው ቱቦና ማርሚታ ጠባብ ከሆነ ጥቅሙ እዚያው ይቀራል። ሞተሩ የተሻለ አየር ሲያገኝ ድብልቁ ቤንዚን ሊያጥረው ስለሚችል ካርቡሬተሩ እንደገና ይስተካከላል። ከማኒፎልዱ ሙቀት እየወሰደ የሚሠራ አውቶማቲክ ቾክ በኤሌክትሪክ ይተካል። ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላም ብሎኖቹ እንደገና ይጠብቃሉ።

መኪናው ተጠብቆ የሚሸጥ ወይም ለኤግዚቢሽን የሚቀርብ ከሆነ ኦሪጅናሉ ማኒፎልድ የዋጋው አካል ስለሆነ አይጣልም፤ በጥንቃቄ ይቀመጣል። ለመንገድ የሚነዳ መኪና ባለቤት ደግሞ በሁለት የቱቦ ስፋቶች መካከል ቢያመነታ ጠባቡን ይምረጥ፤ በየዕለቱ የሚጠቅመው ጉልበት የሚገኘው በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ነውና።