ተጨማሪ መረጃ፦ በክብ ውስጥ ያሉት ሁለት «ሲ»ዎች

ለክፍል ሥራ ስለ ጭላዳ ፖስተር ልትሠሩ ነው እንበል። ጎግል ላይ ብትፈልጉ ፎቶው በሽ ነው። ጎግል ግን ፎቶውን አሳያችሁ እንጂ ባለቤቱ አይደለም፤ ከሥሩ «ምንጭ፦ ጎግል» ብሎ መጻፍ ለማንም ምንም አይነግርም። ምስሉን ተጭናችሁ ወደ ወጣበት ድረ ገጽ ግቡና የአንሺውን ስም ፈልጉ።

የቅጂ መብት ማለት አንድ ሰው የፈጠረውን ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ፎቶ ወይም ሙዚቃ ማን ማባዛትና ማሰራጨት እንደሚችል የመወሰን መብት ነው። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ተደንግጓል፤ የአንድ ደራሲ መብት እሱ ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መረጃ ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ጭላዳ ሣር በል መሆኑን በራሳችሁ አባባል ለመጻፍ ፈቃድ አያሻችሁም።

አንዳንድ ፈጣሪዎች ደግሞ ፈቃዱን አስቀድመው ይሰጣሉ። ምልክቱ በክብ ውስጥ የተጻፉ ሁለት «ሲ» ፊደላት ነው፤ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ይባላል። አጠገቡ የሰው ምስል ካለ «ስሜን ጥቀሱ»፣ የተሰረዘ ዶላር ካለ «አትነግዱበት» ማለት ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽ በእንዲህ ያለ ፈቃድ የወጡ የልጆች ታሪኮች አሉት፤ አማርኛም ታገኙበታላችሁ። አትማችሁ ለታናናሾቻችሁ ብታነቡላቸው ከልካይ የላችሁም።

እስቲ ዊኪሚዲያ ኮመንስ በተባለው የፎቶ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ አንድ የጭላዳ ፎቶ ክፈቱ። አንሺው ማን ነው? የሰጠውስ ፈቃድ የትኛው ነው? ከዚያ የዚህን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾች ገልጣችሁ የመብቱን ባለቤት ፈልጉ።