ሳቁ ሰበብ ነው

ያለ ቀልድ ለመሳቅ ብቻ በጠዋት ፓርክ የሚሄድ ሰው አለ ብትባሉ ታምናላችሁ? ሕንድ ውስጥ ሞልቷል። ዶክተር ማዳን ካታሪያ ሙምባይ ውስጥ በፈረንጆቹ 1995 ሲጀምሩት የተገኙት አምስት ሰዎች ነበሩ። በየተራ ቀልድ ያወሩ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ግን ጥሩ ጥሩው አለቀና ብልግናው መጣ። ቀልዱን ተዉት። አሁን ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ እያጨበጨቡ “ሆ ሆ፣ ሃ ሃ ሃ” ይላሉ፤ የውሸቱ ሳቅ ትንሽ ቆይቶ የምር ይሆናል።

ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፤ ልጆቻቸው ለሥራ ርቀው የሄዱባቸውም አሉ። እኔን የሳበኝ ከሳቁ በኋላ ያለው ነው፦ ሻዩ፣ እዚያው የሚከበረው የአባላት ልደት፣ አንዱ ሲቀር “ምን ሆኖ ነው?” መባሉ። በሜይ የመጀመሪያው እሑድ ደግሞ የዓለም የሳቅ ቀንን አብረው ያከብራሉ። ክፍያ የለውም (ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ነጻ ነገር ያጠራጥራል)፤ ዋጋው በየጠዋቱ መገኘት ነው።

እኛም እድር አለን፤ ለለቅሶ ማን ይችለዋል! ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ዝግጁ ነው። የሰፈራችን አዛውንት ሲያርፉ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሁላችንም እንወጣለን። 75 ዓመት የሞላቸው ቀን ግን ማን በራቸውን አንኳኳ?