የቆመ ማሽን ዕዳ የማን ነው? ወለል ጽዳት፣ ኮምባይነርና ውል

በማሽን የሚሰጥ አገልግሎት ገዢ የሚከፍለው ለማሽኑ ሳይሆን ማሽኑ በተባለው ቀን ለሚያስገኘው ውጤት በመሆኑ፣ ማሽኑ የቆመ ዕለት የሚደርሰው ኪሳራ በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ካልተወሰነ በውሉ ላይ የሰፈረው ዋጋ ብዙም ትርጉም አይኖረውም። ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ የባንክ ሕንጻዎችና ሆቴሎች ወለል በሚያጸዱ ድርጅቶችና በደንበኞቻቸው መካከል ዘወትር የሚነሳ ሲሆን፣ በአርሲ ደጋ ደግሞ፣ በተለይም ስንዴና ገብስ አብቃይ በሆኑት እንደ ዲክሲስ ባሉ ወረዳዎች፣ አርሶ አደሩ በኮምባይነር ኪራይ በኩል ለዓመታት ሲጋፈጠው ኖሯል። ሁለቱ ሥራዎች ምንም የሚያገናኛቸው ባይመስልም፣ አንደኛው ገበያ መልስ ላጣለት ጥያቄ ሌላው በከፊል መልስ ስላገኘለት ጎን ለጎን መመርመራቸው ተገቢ ነው።

ወለል ማጽዳት በኢትዮጵያ ራሱን የቻለ የንግድ ዘርፍ እየሆነ የመጣው ወለሉ ራሱ ሲለወጥ ነው። ቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም የነጋዴው ቤትም ወለል በአብዛኛው ሊሾ፣ ማለትም በሲሚንቶ ተለስኖ የተስተካከለ፣ አልያም ጣውላ ስለነበር፣ ባልዲ፣ መወልወያና ሰም የያዘች አንዲት ሠራተኛ ለጽዳቱ ትበቃ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ከ200 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትን የመሳሰሉ፣ ሴራሚክ፣ ግራናይትና እብነ በረድ የለበሱ ሰፋፊ ሕንጻዎች ሲበራከቱ ግን የወለሉ ስፋት በእጅ ሊወለወል ከሚችለው መጠን አለፈ፤ ብዙ ተቋማትም የራሳቸውን የጽዳት ሠራተኛ ከመቅጠር ይልቅ ሥራውን በጨረታ ለሌላ ድርጅት መስጠትን፣ በተለምዶ አውትሶርስ የሚባለውን አሠራር፣ መረጡ። አሰላን በመሰሉ የዞን ከተሞችም የሆስፒታል ኮሪደሮች፣ የዩኒቨርሲቲ አዳራሾችና የባንክ ቅርንጫፎች ለዚህ አሠራር የሚመቹ ደንበኞች ናቸው።

የደጋው ወለል ግን የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ዋልካውና ቀይ አፈሩ ከቦቲ ጫማ ጋር ተጣብቆ እስከ ባንክ ገንዘብ ከፋዩ መስኮት ድረስ የሚገባ ሲሆን፣ የሸክላ አፈር ቅንጣት ከሚሊ ሜትር 2 ሺህኛ የማይበልጥ ስፋት ያለው ደቃቅ በመሆኑ፣ በሴራሚኮቹ መካከል ባለው መጋጠሚያ፣ ባለሙያዎች ፉጋ በሚሉት፣ ሰርጎ ይቀመጣል፤ አብሮት የሚገባው አሸዋ ደግሞ እግር በረገጠው ቁጥር የወለሉን ገጽ እየፋቀ ያደበዝዛል። ይህን ጭቃ በአንድ ባልዲ ውሃ መወልወል፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ክፍል ላይ ሲደረስ ጭቃውን ከቦታ ቦታ ማዛወር ብቻ ይሆናል። ወለሉ እርጥብ ሳለ ያበራል፤ ሲደርቅ ግራጫ ይለብሳል፤ ደንበኛውም «ጸድቷል ወይስ አልጸዳም?» እያለ መጠራጠር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የጽዳት ሥራን የምርት ቀመር ከሁሉ በተሻለ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1959 ሄንክል በተባለው የጀርመን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ኸርበርት ዚነር ነው። በእሱ አገላለጽ ማንኛውም ጽዳት የአራት ነገሮች ድምር ሲሆን፣ እነሱም የኬሚካል ኃይል፣ የመፈተግ ኃይል፣ ሙቀትና ጊዜ ናቸው፤ አንዱ ሲቀንስ ያው ውጤት እንዲገኝ ከሌሎቹ አንዱ የግድ መጨመር አለበት። ኢኮኖሚስቶች ይህን የግብዓቶች መተካካት ይሉታል። የወለል ማጠቢያ ማሽን የሚሠራው ይህንኑ መተካት ነው፤ በብሩሹ የመፈተግ ኃይል የሰውን ጊዜ ይተካል። ማሽኑ ሲበላሽ ታዲያ ቀመሩ አይቀየርም፤ በውሉ የተፈቀደው ሰዓትና የሠራተኛ ቁጥር ስለማይጨምር፣ ሙቀትም በአብዛኛው ስለማይታሰብ፣ የሚቀረው አማራጭ ኬሚካሉን ማክበድ ብቻ ይሆናል።

የብዙ ወለሎች ጥፋት የሚጀምረውም በዚሁ መንገድ ነው። በሱቅ አሲድ ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ ከግንባታ በኋላ የቀረን የሲሚንቶ ቅሪት በደቂቃዎች የሚያነሳ በመሆኑ በጽዳት ሠራተኞች ዘንድ ተወዳጅ ነው። ይሁን እንጂ የሲሚንቶውን ቅሪት የሚበላው አሲድ በፉጋው ውስጥ ያለውንም ሲሚንቶ ይበላል፤ እብነ በረድም በመሠረቱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ በዚሁ አሲድ አንጸባራቂ ገጹን ያጣል፣ ያጣውንም በማሻሸት ሳይሆን እንደገና በማስሞረድ ብቻ ያገኛል። በዚያ ላይ አሲድና በረኪና ተደባልቀው ሲገኙ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ። ከደንበኛው ዓይን አንጻር ግን አሲድ የፈሰሰበት ወለል በዚያው ዕለት ከሁሉም ነጭ ሆኖ ስለሚታይ፣ ጉዳቱ የሚገለጠው ክፍያው ከተፈጸመ ከወራት በኋላ ነው።

ማሽኑ ራሱ ለምን ይቆማል ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ «ሞተሩ ተቃጠለ» የሚል ቢሆንም፣ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ትንሽ ችግር ሰለባ ነው። እያጠበ የሚያደርቀው ማሽን ከፊት የሚፈትግ ብሩሽ፣ ከኋላ ውሃውን የሚሰበስብ ጎማ፣ የተሰበሰበውን ውሃ ወደ ቆሻሻ ታንክ የሚስብ ቫኪዩም ሞተርና ሁሉንም የሚያንቀሳቅስ ባትሪ አለው። ለዚህ ማሽን የሚስማማው አረፋው ትንሽ የሆነ ሳሙና ሲሆን፣ በቅርብ የሚገኘውና የሚረክሰው ግን ለእጅ መወልወያ የተዘጋጀው ብዙ አረፋ የሚያወጣ ፈሳሽ ሳሙና ነው፤ አረፋው በታንኩ ውስጥ ከፍ እያለ ሄዶ ውሃ እንዳያልፍ የተቀመጠውን መዝጊያ አልፎ ቫኪዩም ሞተሩ ውስጥ ይገባል። በሊትር ጥቂት ብር ለማትረፍ የተገዛ ሳሙና ከውጭ የሚመጣ ሞተር ይገድላል ማለት ነው። ከኋላ ያለው ጎማ ጠርዙ ሲበላም ማሽኑ መሥራቱን ሳያቆም በሄደበት ሁሉ የውሃ መስመር እየተወ ይሄዳል፤ ደንበኛውም ሰው ያንሸራትታል ብሎ ይቆጣል፣ ሠራተኛዋም በማሽኑ ኋላ መወልወያ ይዛ መከተል ትጀምራለች፤ በዚህም ማሽኑ ሊተካው የታሰበው ጉልበት ተመልሶ ይመጣል።

ባትሪውም የመብራት ነገር ሰለባ ነው። በማሽኖቹ ላይ በብዛት የሚገጠመው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በሌሊት ለሰዓታት ቻርጅ መደረግ ያለበት ሲሆን፣ በመካከል መብራት ከሄደ ጠዋት ግማሽ ሞልቶ ይገኛል፤ ሥራው ግን ስለማይጠብቅ በዚያው እስኪያልቅ ይነዳል፣ አልቆም ሳይሞላ ያድራል። እንዲህ ያለ ባትሪ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች እየደነደኑ ስለሚሄዱ፣ ውሃውም በወቅቱ ስለማይሞላለት፣ ሊቆይ ከሚገባው ዕድሜ በጣም ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ይህ ሁሉ በሒሳብ ቋንቋ ሲገለጽ የማሽኑ ቋሚ ወጪ በጥቂት ቀናት ላይ መከፋፈሉ ነው። ቋሚ ወጪ ማለት ሥራ ቢኖርም ባይኖርም የማይቀር ወጪ ነው። ለምሳሌ ያህል በ600,000 ብር የተገዛ ማሽን 5 ዓመት እንዲያገለግል ቢታሰብ በዓመት 120,000 ብር ያወጣል፤ በዓመት 250 ቀን ከሠራ የአንድ ቀን ድርሻው 480 ብር ሲሆን፣ መለዋወጫ በመጠበቅ 100 ቀን ከቆመ ግን በቀሪዎቹ 150 ቀናት ላይ 800 ብር ይደርሳል። የመለዋወጫው ጥበቃ ደግሞ ለረጅም ዓመታት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ጥበቃ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ ከወር ባነሰ ጊዜ 100 ብርን አልፏል፤ በመሆኑም ከዚያ በፊት በቋሚ ዋጋ ለዓመታት ውል የገባ የጽዳት ድርጅት ገቢው በቆመበት ሳለ የጎማው፣ የብሩሹና የባትሪው ዋጋ ከእጁ ወጣ። በሌላ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ ራሱ ሳይወስን ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ስለተወው፣ የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ከማሽኑ ዋጋ አንጻር እየረከሰ ሄደ። በዚህ የዋጋ ንጽጽር የተበላሸ ማሽን ከማሠራት ሁለት ሰው መጨመር የሚያዋጣ ቢሆን አያስደንቅም፤ ማሽኑን መጋዘን ውስጥ ያስቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ሰነፍ ሳይሆን ሒሳብ አዋቂ ሊሆን ይችላል።

የጨረታው አሠራር ነገሩን ያባብሰዋል። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመውና በኋላ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ባደረገው ጥናቱ እንዳስረዳው፣ ሻጩ የሚያውቀውን የጥራት ልዩነት ገዢው ማየት ሲያቅተው ገዢው ለሁሉም አንድ ዓይነት ዋጋ ስለሚሰጥ ጥሩው ዕቃ ከገበያ ይወጣል። ወለልም እንዲሁ ነው፤ ግዥ ክፍሉ የሚያየው ብርሃኑን እንጂ ፉጋው ውስጥ የቀረውን ጭቃ ወይም ድንጋዩ ያጣውን ዕድሜ አይደለም። የጨረታ ሰነዱ ተጫራቹ ማሽን እንዳለው ይጠይቃል፤ ማሽኑ በ7ኛው ወር ይሠራ እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ውሉም በአብዛኛው የሚቆጥረው የሠራተኛ ብዛትና ፈረቃ ስለሆነ፣ ቱታ የለበሱ 12 ሰዎች መገኘታቸው እንደ ሥራው መፈጸም ይቆጠራል። የደንበኛውም ፍላጎት ያልተመጠነ ነው፤ ከመነሻው ሻካራ ሆኖ የተሠራ ሴራሚክ ወይም ለዓመታት ዘይት የጠጣ ሊሾ እንደ ሆቴል ግራናይት እንዲያበራ ይጠበቃል፤ ይህ የማይቻል መሆኑን በመጀመሪያው ቀን የሚናገር ድርጅት ደግሞ ጨረታውን ለሚስማማው ተፎካካሪ አሳልፎ ይሰጣል።

የዲክሲስ አርሶ አደር ማሽን ሲከራይ የሚከተለው ሥርዓት ከዚህ ይለያል። አርሲ ከማሽን ጋር የተዋወቀው ዘግይቶ አይደለም፤ በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እገዛ መቀመጫውን አሰላ አድርጎ የተጀመረው፣ ካዱ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በአካባቢው የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ፣ ትርፉን ያዩ ባለ ርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን ማፈናቀላቸው በጊዜው የታወቀ ነገር ነበር። የዛሬው ኮምባይነር ግን የባለ መሬቱ ሳይሆን የአከራዩ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በሎቤድ ተጭኖ ይመጣል፣ በደላላ አማካይነት ከማሳ ማሳ ይዘዋወራል፣ ክፍያውም በታጨደው ኩንታል ልክ ነው። ቺንጋ ቢበጠስ ወይም ኩሺኔታ ቢሰበር፣ ማሽኑ በቆመበት ሰዓት ኩንታል ስለማይቆጠር ባለ ማሽኑ ገቢ ያጣል፤ ስለዚህም ተጨማሪ ቺንጋ ይዞ ይዞራል፣ ሜካኒክ አብሮ ያሳድራል። በወለል ጽዳት ውል ውስጥ የጠፋው ይኸው ግፊት ነው፤ እዚያ ማሽኑ ቆመም ሠራም የወሩ ክፍያ አይለወጥም።

የኩንታሉ ሥርዓት ግን እንከን የለሽ አይደለም። አከራዩ የሚያጣው የሰዓታት ገቢ ሲሆን፣ ወረፋ የሚጠብቀው ገበሬ የሚያጣው የደረሰ ስንዴ ነው፤ በመካከል ያለወቅቱ ዝናብ ከጣለ እህሉ በቆመበት ሊያቆጠቁጥ ይችላል፣ ይህንንም ማንም አይክሰውም። በተጨማሪም ኢኮኖሚስቶቹ ቤንግት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት፣ ሥራው ብዙ ገጽታ እያለው የሚለካው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ሠራተኛው ድካሙን ሁሉ ወደሚለካው ያዞራል። ኦፕሬተሩ በቶሎ በነዳ ቁጥር በቀን የሚያጭደው ኩንታል ይበዛል፤ ከገለባው ጋር ወደ ኋላ የሚጣለው ፍሬ ግን በማንም አይቆጠርም፣ ተዳፋት ላይ ያለች ትንሽ ማሳም ተራዋ መጨረሻ ላይ ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና ማሽነሪዎች ከቀረጥና ታክስ ነጻ ሆነው እንዲገቡ ሲፈቅድ ያቃለለው የማሽን እጥረቱን እንጂ ይህን የመለኪያ ችግር አይደለም።

ለወለል ጽዳት ውል ከዚህ የሚወሰደው፣ ወለሉን በካሬ ሜትር ቆጥሮ መክፈል ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ እንዲያማ ቢሆን የጽዳት ሠራተኛዋም እንደ ኦፕሬተሩ ፉጋውን ዘልላ መሐሉን ታጥባለች። የሚሻለው የወሩን ክፍያ ለሁለት ከፋፍሎ ማየት ሲሆን፣ አብዛኛው ለዘወትር ሥራው በቋሚነት፣ ቀሪው ደግሞ ወለሉ ደርቆ ሳለ በዘፈቀደ በተመረጡ ቦታዎች በነጭ ጨርቅ ታሽቶ በሚታየው ውጤት ላይ ተመሥርቶ ሊከፈል ይችላል። ማሽን ከተወሰኑ ቀናት በላይ ከቆመ ተለዋጭ ማቅረብ የድርጅቱ ግዴታ፣ የመለዋወጫ ዋጋ በምንዛሪ ለውጥ ሲንር ክፍያውን ማስተካከል ደግሞ የደንበኛው ግዴታ ሆኖ ቢጻፍ፣ ስጋቱ ሊሸከመው በሚችለው ወገን ላይ ያርፋል። የእያንዳንዱ ወለል ዓይነት፣ የደረሰበት ጉዳትና ሊያበራ የሚችልበት ልክም በርክክቡ ዕለት በፎቶግራፍ ተደግፎ ቢመዘገብ፣ የአሲዱም የማይቻለው ተስፋም ክርክር ይቀንሳል።

አንድ የቀረ ጉዳይ የወቅቱ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ብዙ የመንግሥት ተቋማት ዓመታዊ ውል ሥራ ላይ የሚውለው ደጋው በጭቃ በተያዘበት ወቅት ነው፤ ዋጋው ግን ጥርም ሆነ ነሐሴ በ12 እኩል የተካፈለ ነው። በአሰላም ሆነ በዲክሲስ የነሐሴ ወለል የጥር ወለል ስላልሆነ፣ ድርጅቱ በክረምቱ ከስሮ በበጋው ለማካካስ ሲል ክረምቱ ላይ ሥራውን ያጎድላል፤ ደንበኛውም የሚያማርረው በዚያው ጊዜ ነው። የክረምቱን ወራት ክፍያ ከበጋው ከፍ አድርጎ መደልደል ጠቅላላ ወጪውን ሳይጨምር ሊደረግ የሚችል ሲሆን፣ ከተጨመረውም ገንዘብ ጥቂቱን በበር ላይ ለሚነጠፍ ሰፊ የጭቃ ምንጣፍና ለእግር መታጠቢያ ውሃ ማዋል፣ ውድ ከሆነው ማሽን በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ወጪ ነው።