አድራሻ ያገኘው መርዝ

አጣጥ በኢትዮጵያ የሚበቅል እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ዕጢን የሚገታ ነገር ፍለጋ ከየአገሩ ዕጽዋት ያስመጣ ነበርና፣ ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት መካከል አንድ የአጣጥ ወገን ይገኝበታል። የኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻን ቡድን በ1972 ከዚህ ተክል ማይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚወጣው አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ለምርምር የሚበቃውን ለማግኘት ከኬንያ የሺምባ ኮረብታዎች የአጣጥ ዘመድ በቶን እየተቆረጠ ተጓጓዘ።

ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ወደ ሁለት ወገን የሚስቡ ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘረጋል። ማይታንሲን የቱቦዎቹ መሥሪያ የሆነውን ቱቡሊን የተባለ ፕሮቲን ይይዝና ግንባታውን ያስቆማል። ሕዋሱ መከፈል ተስኖት ይሞታል። በቤተ ሙከራ ሲለካ ይህ ኃይሉ ቪንክሪስቲን ከተባለው የታወቀ የካንሰር መድኃኒት ከ100 እስከ 1,000 እጥፍ ይበልጣል።

ያው ኃይል ጠላቱ ሆነ። ጤነኛውን ሕዋስ ከታመመው አይለይምና፣ በሕሙማን ላይ ሲሞከር ብርቱ ማስመለስ፣ ተቅማጥና የነርቭ ጉዳት አስከተለ፤ ዕጢውም የታሰበውን ያህል አልቀነሰም። በ1980ዎቹ ሙከራው ቆመ። አጣጥን ቀቅሎ በመጠጣት ካንሰርን አድናለሁ የሚል ቢኖር ይህን ታሪክ ሊሰማ ይገባል።

ማይታንሲንን ያዳነው ከራሱ ውጭ የመጣ ነገር ነው። ከአምስት የጡት ካንሰሮች በአንዱ ገደማ፣ የሕዋሱ ገጽ ኸር-ቱ በተባለ ፕሮቲን ከመጠን በላይ ይሞላል። ትራስቱዙማብ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ይህን ፕሮቲን ፈልጎ ይጣበቅበታል። ኢሚዩኖጅን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማይታንሲንን ጥቂት ለውጦ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር የማያያዝ ዘዴ አበጀ፤ በአንዱ ትራስቱዙማብ ላይ በአማካይ 3.5 የመርዙ ሞለኪውሎች ይጫናሉ። የካንሰሩ ሕዋስ ጥምሩን ይውጠዋል፣ ፀረ እንግዳ አካሉን ይፈጨዋል፣ መርዙም በሆዱ ይፈታል።

በሽታው በተሰራጨባቸው 991 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ይህን ጥምር የወሰዱት በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 30.9 ወር ሲሆን በነባሩ ሕክምና የታከሙት ግን 25.1 ወር ነበር። በየካቲት 2013 ካድሳይላ በሚል ስም በአሜሪካ ተፈቀደ። የጎንዮሽ ጉዳት አልጠፋለትም፤ የደም አርጊ ሕዋሳትን ይቀንሳል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። በ2022 ደግሞ ሌላው የማይታንሲን ልጅ ከሌላ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣምሮ ለማሕፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር ተፈቀደ።

ለዚህ ሁሉ ዛሬ የሚቆረጥ ቁጥቋጦ የለም። በ1977 የጃፓን ተመራማሪዎች የማይታንሲን የቅርብ ዘመድ የሆነ ውህድ የሚያመርት ባክቴሪያ አገኙ፤ የመድኃኒቱ ጥሬ ዕቃም በጋን በሚብላላ ባክቴሪያ ይመረታል። በተክሉ ውስጥ መርዙን የሚሠሩትም ከሥሩ ጋር የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሳይሆኑ አይቀሩም። እንዲህ ከሆነ፣ መድኃኒት ፈላጊው ከአጣጡ ቅጠል ጋር ሥሩንና የቆመበትን አፈር አብሮ መመርመር አለበት።